አያቱራይ በብስክሌት የተከተሉን ማክሰኞ

ትራክተሩ ላይ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፦ አማማ የምንላት የእናቴ እናት ሲናፒላይ፣ እናቴ ታቫማላር፣ ሾፌሩ ኔሳንና እኔ። ጊዜው ጦርነቱ ካበቃ በሁለተኛው ዓመት፣ በሐምሌ ወር፣ ማክሰኞ ቀን ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። አምስተኛው ሰው አያቱራይ ናቸው፤ እሳቸው ግን ትራክተሩ ላይ አልነበሩም። ከኋላችን በብስክሌት ነበሩ።

የምንሄደው ከቫቩኒያ ወደ መንደራችን ወደ ናቫልኩላም ነበር። የዝሆን ራስ ያለው አምላካችን የፒላያር ቤተ መቅደስ ጣራው ተጠግኖ፣ ከጦርነቱ ወዲህ የመጀመሪያው ዓመታዊ በዓል ይከበር ነበር። በዓሉ ዐሥር ቀን ነው። ስድስተኛው ቀን የእኛ ቤተሰብ ቀን ነው፤ ከአያቴ አያት ጀምሮ በዚያ ቀን ለአምላኩ አበባ የሚያቀርበው፣ መብራቱን የሚያበራውና ለሕዝቡ ምግብ የሚያወጣው የእኛ ቤት ነው። አማማ ግን የምትሄደው ለክብሩ ብቻ አልነበረም። በስድስተኛው ቀን መብራቱን ይዛ በአምላኩ ፊት ቆማ ልጇን እንዲመልስላት ልትጠይቀው ነበር።

ልጇ ኩካታሳን የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ እጁን ሰጥቶ በተሃድሶ ካምፕ ተይዟል። ይፈታል የሚባለው ሁልጊዜ በሚቀጥለው ወር ነው። አማማ፣ “የመንግሥት ወር ስንት ቀን ነው?” እያለች ያገኘችውን ሰው ሁሉ ትጠይቅ ነበር። አባቴ በጦርነቱ የመጨረሻ ወር ሞቷል፤ ስለ እሱ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም።

አንድ እንቅፋት ነበረ። በእኛ ሥርዓት ዘመድ የሞተበት ቤተሰብ ሠላሳ አንድ ቀን ይረክሳል፤ ቤተ መቅደስ አይገባም፣ መብራትም አያበራም። ጃፍና ውስጥ ደግሞ የሟቹ ወንድ አያቴ፣ የአማማ ባል፣ ታላቅ ወንድም በዘጠና ዓመታቸው የአልጋ ቁራኛ ሆነው ነበር። መሞት ከጀመሩ ሦስት ዓመታቸው ነው።

“ይህ ሰው ዕድሜውን በሙሉ ቀጠሮ አክብሮ አያውቅም፤” አለች አማማ። “ሲያከብር ግን በእኔ ቀን እንደሚያከብር አውቃለሁ።”

ሥርዓቱ መውጫ ቀዳዳ አለው፤ ያልሰሙት ሞት አያረክስም። ርኩሰቱ የሚጀምረው መርዶው ጆሮ ውስጥ ሲገባ ነው። ስለዚህ አማማ የስልካችንን ባትሪ አውጥታ የሩዝ ጆንያ ውስጥ ቀበረችው፤ ለጎረቤቶችም ከጃፍና የሚመጣ ሰው ካዩ እኛን እንዳላዩን እንዲናገሩ አስጠነቀቀች። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት ባትሪ ስትቀብር ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አያቱራይ የአጥራችን በር ላይ ቆሙ።

አያቱራይ የናቫልኩላም ፀጉር ቆራጭ ናቸው። በእኛ አገር የፀጉር ቆራጭ ሥራው ምላጭ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲሞት ለዘመድ መርዶ የሚያደርሰውም እሱ ነው። አያታቸውም አባታቸውም ይህንኑ ሠርተዋል። ስልሳ ዓመት አልፏቸው ነበር፤ የእኛ ቤት ሰው ግን እኔን ጨምሮ “አንተ” ነበር የሚላቸው። ግቢም አይገቡም፤ በር ላይ ቆመው ነው የሚጣሩት።

“እሜቴ! ሲናፒላይ እሜቴ!”

አማማ በዘንባባው አጥር ቀዳዳ አየች። አያቱራይ ራሳቸው ላይ ነጭ ፎጣ ጠምጥመው ብስክሌታቸውን ተደግፈዋል። ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ ጫነች።

“መጣብን! ዕቃ አንሱ! በጓሮ!”

“ምን ይዞ እንደመጣ ሳናውቅ?” አለች እናቴ።

“አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። ውጡ ብያለሁ!”

በጓሮ አጥር ሾልከን ወጣን። አበባው በቅርጫት፣ የነሐሱ መብራት በፎጣ ተጠቅልሎ፣ እኔ የሙዙን ዘለላ አቅፌ። እናቴን ለምን እንደምንሮጥ ስጠይቃት “ዝም በል” አለችኝ። አማማን ስጠይቃት “ዝም በል፣ አንተም አትስማ” አለችኝ።

ስለዚህ መልሱን ራሴ አገኘሁት። ጦርነቱ ሲያበቃ እኛም በሽቦ የታጠረ ካምፕ ውስጥ ነበርን፤ ፈርማችሁ ግቡ፣ ሁለት ሳምንት ነው ብለውን ዐሥራ አራት ወር ቆየን። እዚያ በር ላይ ቆሞ ስም የሚጠራ ሰው ሊወስድህ ነው የሚመጣው። አያቱራይ ድሮ ፀጉሬን ሲቆርጡኝ ትዝ ይለኛል፤ አሁን ግን ለካምፑ ሥራ የገቡ መሰለኝ። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ሰው ሥራ ቀይሮ ነበር።

አውቶቡሱ በትልቁ መንገድ ወደ ሰሜን ሲሄድ እኔ የመጨረሻው ወንበር ላይ በጉልበቴ ቆሜ በኋላ መስኮት አያለሁ። ዘንባባዎቹ ብዙዎቹ ራስ አልነበራቸውም፤ እንደ ምሰሶ ቆመዋል። ቤቶቹ ጣራ የላቸውም፤ በአንዱ ቤት ሳሎን ውስጥ ላም ተኝታ ነበር። ከመንገዱ ዳር የራስ ቅል የተሳለባቸው ቀይ የፈንጂ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳዎች ተደርድረዋል። ይህ ሁሉ አላሳሰበኝም፤ እኔ የምፈልገው ብስክሌት ነው።

መገንጠያው ላይ ወረድን። ኔሳን ትራክተሩን ከተጎታቹ ጋር አቁሞ ወታደሮች በከፈቱት ሻይ ቤት ይጠብቀናል። ኔሳን ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ አንድ እግሩ ፕላስቲክ ነው፤ ትራክተሩም ከእሱ የተሻለ አልነበረም።

“አማማ፣ ዘንድሮ ወጣት ሆነው መጡ!” አላት።

“አንተ ደግሞ ዘንድሮም አላገባህም።”

“ሁለት እግር ያለውን ነው የሚመርጡት። እኔ ደግሞ ባለ አንድ እግር ነኝ፤ ግማሽ ሚስት እንኳ ትበቃኛለች።”

እናቴ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት የመጀመሪያዬ ነበር። ሳቋን ሳትጨርስ ድንጋይ የጫነ መኪና ቆመ፤ ከላዩ ላይ መጀመሪያ ብስክሌት፣ ቀጥሎ አያቱራይ ወረዱ።

“እሜቴ! አንድ ቃል ብቻ! አንድ ቃል!”

አማማ ያን ጊዜ ያደረገችውን መቼም አልረሳውም። ዓይኗን ጨፍና፣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ በዚያ ሁሉ ወታደር መሃል ባለ በሌለ ድምፅዋ የፒላያርን መዝሙር ጀመረች። አንድ ወታደር ሻዩን አስቀምጦ ብድግ አለ። አማማ እየዘመረች በእናቴ ትከሻ ተደግፋ ተጎታቹ ላይ ወጣች። ኔሳን አንድም ነገር ሳይጠይቅ ሞተሩን አስነሳ፤ የዚያ ትራክተር ሞተር ከተነሳ ደግሞ መዝሙርም አያስፈልግም።

አሁን ሳስበው በዚያ ማሳደድ ከሁሉም የሚገርመው ፍጥነቱ ነው። አሸዋው መንገድ ላይ ትራክተሩ እንደ ጤነኛ ሰው ሶምሶማ ይሄዳል። የአያቱራይ ብስክሌት ደግሞ ከዚያ ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፊት ለፊት እየተያየን ተጓዝን። አያቱራይ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ አማማ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። አያቱራይ አፋቸውን ይዘጋሉ፤ አማማ ትንፋሽ ትወስዳለች። በግራም በቀኝም ቀዩ ሰሌዳ ስላለ አቋርጠው ሊቀድሙን አይችሉም። አንድ ጊዜ ሰንሰለታቸው ወለቀ። ጎንበስ ብለው ሲያስተካክሉ፣ ኔሳን ዞር ብሎ አየና በትሕትና ፍጥነቱን ቀነሰ።

“ምን ሆነሃል!” አለች እናቴ።

“ሰውዬው ቢሞትብን መርዶውን ማን ይነግራል?” አለ ኔሳን።

አማማ አልሰማችም፤ አራተኛው መዝሙር ላይ ነበረች።

ናቫልኩላም ሊገቡ ሲሉ መንደሩ ስሙን ያገኘበት ኩሬ አለ። ወደ በዓሉ የሚገባ ሰው እዚያ ታጥቦ ነው የሚገባው። አያቱራይ ከኋላ አይታዩም ነበር። ሁለቱ ሴቶች ልብስ ይዘው ወደ ኩሬው ወረዱ፤ ኔሳን ለሞተሩ ውኃ ሊቀዳ በሌላው አቅጣጫ ሄደ፤ እኔ ሙዙንና አበባውን ከፍየሎች እንድጠብቅ ተጎታቹ ላይ ቀረሁ።

አያቱራይ ብስክሌታቸውን እየገፉ መጡ። ጎማው ተንፍሷል። ሸሚዛቸው ሰውነታቸው ላይ ተጣብቋል። ከኩሬው የሴቶቹን ድምፅ ሲሰሙ ወዲያው ጀርባቸውን ሰጡ፤ እኔንም ያናገሩኝ ፊታቸውን ወደ ጫካው አዙረው ነው።

“ታምቢ” አሉኝ፤ ትንሽ ልጅ በፍቅር የሚጠራበት ቃል ነው። “ትንሹ ጌታ፣ አድገሃል። ፈራኸኝ እንዴ?”

“አልፈራሁህም” አልኩ። ሙዙን አጥብቄ ይዣለሁ።

“ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ ጆሮውን ይይዛል። ምን ላድርግ፣ የአባቴ ሥራ ነው። ዛሬ ግን መርዶ አይደለም። ከካምፑ ነው የመጣሁት። የእኔም ልጅ እዚያው ነው፤ እሑድ ልጠይቀው ሄጄ ኩካታሳን ላከኝ። ስማኝ፤ ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ካምፑ በር ላይ። እናትህና አያትህ መታወቂያ ይዘው ይምጡ። እናትህ ገብታ ትፈርማለች፣ እሱ ይወጣል። ካልመጣችሁ አይለቁትም። ገባህ?”

“ገባኝ።”

“እስቲ በለው።”

“ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ካምፑ በር ላይ፣ መታወቂያ ይዘው። እናቴ ገብታ ትፈርማለች፣ እሱ ይወጣል።”

“ጎበዝ! ዛሬውኑ ከመንደሩ ሹም ደብዳቤ አውጥቼ፣ ሚስቴን ይዤ ነገ ጠዋት መነሳት አለብኝ እንጂ ቆሜ ራሴ እነግራቸው ነበር። ደግሞም ካዩኝ ይዘምሩብኛል። አደራህን ታምቢ። አደራ የሰማይ የምድር ነው።”

ብስክሌታቸውን እየገፉ በጫካው የእግር መንገድ ወደ መንደሩ ሄዱ። እኔ አንድም ቃል አልረሳሁም። ክፍል ውስጥ ቃል በቃል በመያዝ የሚበልጠኝ አልነበረም።

አሁን ማንም ሰው ያን ቃል ቢሰማ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ለእኔም ገብቶኝ ነበር። ከዚያ ሦስት ዓመት በፊት፣ ጦርነቱ ሲከፋ፣ አማጺ ታጣቂዎቹ ለውጊያ ከአንድ ቤት አንድ ሰው ይሉ ነበር። አጎቴ ዘንባባ ጫካ ውስጥ ሲደበቅባቸው አያቴን ወሰዱት። ሁለት ቀን አቆዩት። በሦስተኛው ቀን አጎቴ ፀጉሩን አበጥሮ ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ አያቴ ተመለሰ። በዓይኔ ያየሁት ነው፤ አያቴ ሲገባ ሩዝ እየበላሁ ነበር። አንድ ሰው ይገባል፣ አንድ ሰው ይወጣል። እናትህ ገብታ ትፈርማለች፣ እሱ ይወጣል።

ሴቶቹ ፀጉራቸው እየተንጠባጠበ ከኩሬው ወጡ።

“ሰውየው ደረሰ እንዴ?” አለች አማማ።

“አልደረሰም” አልኩ።

“ተመስገን” አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮዋን ለቀቀችው።

ረቡዕ፣ በስድስተኛው ቀን፣ አማማ መብራቱን አበራች። የአምላኩ ሠረገላ በጦርነቱ ተቃጥሎ ስለነበር ፒላያርን ያዞርነው በኔሳን ትራክተር ተጎታች ላይ ነው፤ ኔሳን ተጎታቹን ሦስት ጊዜ አጥቦ የሙዝ ግንድ አስሮበት ነበር። ሞተሩ አምላኩ ፊት እንዳይጮህ ሰዎች በገመድ ሳቡት። ከበሮው ሲመታ፣ የካምፎር ዕጣኑ ሲጨስ፣ አማማ እጇን ከራሷ በላይ አጋጥማ ከሰው ሁሉ ድምፅ በላይ ጮኸች።

“ልጄን አውጣልኝ! ሌላ ምንም አልልህም! ልጄን አውጣልኝ!”

ምላሴ ላይ ነበር። ሐሙስ፣ አራት ሰዓት፣ ካምፑ በር። ግን መጀመሪያ እናቴን መጠየቅ እንዳለብኝ ተሰማኝ፤ የምትገባው እሷ ናትና። ሰዉ በሙዝ ቅጠል ላይ በልቶ ከተነሣ በኋላ ትልቁን ድስት በአመድና በኮኮናት ቃጫ ስትፈትግ አገኘኋት። ክንዷ እስከ ክርኗ ድስቱ ውስጥ ነበር።

“እማ፣ አጎቴ እንዲወጣ አንቺ ግቢ ቢሉሽ ትገቢያለሽ?”

ቀና አላለችም።

“ለወንድሜ? አሁኑኑ።”

“እኔስ?”

“አንተ ከአማማ ጋር ትሆናለህ። ምን አስበህ ነው? ሂድ፣ ውኃ አምጣልኝ።”

ውኃውን አመጣሁላት። ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ አልቀረም። እንደምትሄድ አውቄአለሁ፤ እንደምትሄድ ካወቅሁ ደግሞ መናገር አልችልም። አባቴ የለም። አጎቴን እወደዋለሁ፤ ከወረቀት የሚበር ካይት ይሠራልኝ ነበር። ግን እሱ ለካምፕ የለመደ ሰው ነው ብዬ አሰብሁ። ይህን በእነዚሁ ቃላት ማሰቤን አስታውሳለሁ።

ሐሙስ ጠዋት የቤተ መቅደሱ ግቢ ውስጥ ቅጠልና አበባ ስንጠርግ ቆየን። የቤተ መቅደሱ ጽሕፈት ክፍል ግድግዳ ላይ የፕላስቲክ ሰዓት ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መጥረጊያዬን ይዤ ሰዓቱ ሥር ቆምሁ። አራት ሰዓት ሲሆን እናቴ መጥረጊያዋን ይዛ ከእኔ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ከአንዲት ሴት ጋር ስለ ኮኮናት ታወራ ነበር። አራት ሰዓት ከሩብ። አራት ሰዓት ተኩል። እናቴ እዚያው ነበረች። ካህኑ ጣፋጭ ሩዝ ሰጡኝ፤ ሁለት ጊዜ ደገምሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በራሴ ኮርቼ አላውቅም። እናቴን አድኛታለሁ፤ እሷም አታውቅም፤ አለማወቋም ጭምር ደስ አለኝ።

በዓሉ እሑድ አበቃ፤ የበዓሉ ባንዲራ ወረደ። ሰኞ ጠዋት ጣራ በሌለው የድሮ ቤታችን ፊት የድንኳን ሸራ ወጥረን ተቀምጠን ሳለ አያቱራይ መጡ። አጥር ስለሌለ በሩ በነበረበት ቦታ ላይ ቆሙ። ከኋላቸው ራሱን የተላጨ ቀጭን ወጣት ብስክሌቱን ይዞ ቆሟል። ኔሳን ዕቃ ሊጭንልን መጥቶ ስለነበር እሱም እዚያው ነው።

አማማ አልሸሸችም። የእሷ ቀን አልፏል። ፀጉሯን ፈትታ ትከሻዋ ላይ ለቀቀች፣ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ደረቷን ለመምታት እጇን አዘጋጀች።

“በል አሁን ንገረኝ። በስንት ሰዓት ሞተ?”

“ማን እሜቴ?”

“የባሌ ወንድም ነዋ!”

“እሳቸውማ ደህና ናቸው። ባለፈው ሰሞን ጃፍና ወርጄ ላጭቻቸዋለሁ። ምላጩ ደንዟል ብለው ተሳደቡ።”

(ከዚያም በኋላ አራት ዓመት ኖረዋል።)

አማማ እጇ አየር ላይ ቀረ። “ታዲያ አንድ ቀን ሙሉ እንደ ውሻ ያሳደድከን ምን ሆነህ ነው?”

አያቱራይ ነገሯት። ካምፑን፣ ሐሙስን፣ አራት ሰዓትን፣ ፊርማውን። “ዐሥራ ሁለት ነበሩ። ዐሥራ አንዱ ወጡ። የእኔ ይኸው” አሉ፤ ወጣቱም ስሙ እንደተጠራ ሁሉ አንገቱን ደፋ። “ኩካታሳን እስከ ስምንት ሰዓት በር ላይ ቆሞ ነበር። ሻንጣውን ይዞ። ፈራሚ ስላልመጣ መልሰው አስገቡት።”

 የፊርማው ነገር ያኔ ገባኝ። ቀስ ብሎ አይደለም፤ አንድ ላይ ነው የገባኝ። ወጣቱ ወጥቷል፤ የፈረሙለት አባቱም እዚያው ቆመዋል። ማንም በምትኩ አልገባም።

“ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገርህም?” አለች አማማ። ድምፅዋ በመዝሙሩ ምክንያት ገና አልተመለሰም ነበር። “ለአንድ ሰው?”

አያቱራይ እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከእናቴ ኋላ ቆሜ ቀሚሷን ይዣለሁ።

“አልደረስሁባችሁም እሜቴ” አሉ። “ትራክተሩ ፈጠነብኝ።”

“የእኔ ትራክተር?” አለ ኔሳን።

 አያቱራይ ነጩን ፎጣቸውን ከትከሻቸው አንሥተው ፊታቸውን ጠረጉ፣ እጃቸውን አጋጥመው ሰላምታ ሰጡና ከልጃቸው ጋር ሄዱ። እናቴ መታወቂያዋን ፍለጋ ሻንጣውን መሬት ላይ ገለበጠችው።

እናቴና አማማ ማክሰኞ ወደ ካምፑ ሄዱ። ሲደርሱ አጎቴን በዚያው ዕለት ጠዋት ወደ ደቡብ፣ ወደ ሌላ ካምፕ አዛውረውታል። የተፈታው ከዐሥራ ስድስት ወር በኋላ ነው። እናቴ ሄዳ ፈረመች፤ በዚያው ቀን በአውቶቡስ ሁለቱም ተመለሱ። አማማ ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብላ ሞታ ነበር።